የቆላው ቅርስ ጥላ ነው

ቅርስ የሚለውን ቃል ስንሰማ ለአብዛኞቻችን ቀድሞ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ድንጋይ ነው። የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር ቤተ መቅደስ፣ የጎንደር ግንብ። የቅርስ ጥበቃ ክርክራችንም በዚያው ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ግንቡ ተሰነጠቀ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጥገናው ዘገየ እንላለን። ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ግን ደጋውን ጨርሶ ገንዳ ውኃ፣ ኮኪትና መተማ ዮሐንስ ወደሚገኙበት ቆላ ሲገባ እንዲህ ያለ ድንጋይ አያገኝም። ከዚህም የተነሣ በዚያ አገር የድንበር ንግድ፣ የሰሊጥ እርሻና የወባ ትንኝ እንጂ ሊጠበቅ የሚገባው የሥነ ሕንፃ ቅርስ የለም ብሎ ማለፍ የተለመደ ሆኗል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት ምድር እንኳ ለብዙዎቻችን የጦር ሜዳ ስም ከመሆን አላለፈም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተሳሰብ መሞገት ነው። እንደ እኔ እምነት የምዕራብ ጎንደር ቆላ የራሱ የሆነ የሥነ ሕንፃ ቅርስ አለው፤ ይኸውም ከሙቀት ጋር ተስማምቶ የመኖር ዕውቀት ነው። ባጭሩ የቆላው ቅርስ ጥላ ነው። ይህ ዕውቀት እየጠፋ የመጣው ጊዜ ስላለፈበት አይደለም። መንግሥትም፣ ባለሙያም፣ በጀት መዳቢም የድህነት ምልክት አድርገው ስለሚያዩት ነው።

ውድ አንባቢ «ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ጣሪያ ታወራለህን?» ብሎ ቢጠይቀኝ አይፈረድበትም። ኮኪት በጥር 2011 ዓ.ም. ስሟ በመላ አገሪቱ የተሰማው በእርሷና በገንዳ ውኃ የሰው ሕይወት በጠፋበት ግጭት ነበር። ከዚያ ወዲህም አካባቢው አላረፈም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ስደተኛው በመተማ በኩል ጎረፈ፤ ወራት ሳይቆጠሩ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል ራሱ በጦርነት ተዋጠ። ይሁን እንጂ ስለ ግንባታ ማሰብ የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ መልሶ ግንባታ ይመጣል፤ መልሶ ግንባታም ሁልጊዜ የሚመጣው በጥድፊያ ነው። በጥድፊያ የተመረጠ የትምህርት ቤት ንድፍ፣ በጥድፊያ የተዘረጋ የከተማ ፕላን ግን ለሁለትና ለሦስት ትውልድ ይኖራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ነገሩን አሁን ማንሣቱ ይበጃል።

ሙቀቱና ጣሪያው

መተማና አካባቢው ዝቅተኛ ቆላ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስን የሚሻገርባቸው ቀናት አሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲመጣ ግለቱ ጋብ ይላል፤ ወበቁ ግን ይጨምራል። መሬቱ በአብዛኛው መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የቆመውንም ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቃል። እንግዲህ በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፤ የበጋውን ግለት፣ የክረምቱን ወበቅና የማይታመነውን መሬት።

ነባሩ የቆላ ቤት ሦስቱንም በራሱ መንገድ መልሷል። ከእንጨትና ከሽመል፣ ማለትም ከቆላው ቀርከሃ፣ የተሠራው ቀላል ግድግዳ ነፋስ ያስገባል፤ ሙቀትም አያከማችም። መሬቱ ቢንቀሳቀስ አብሮ ይለመጣል እንጂ እንደ ብሎኬት አይተረተርም። ወፍራሙ የሣር ክዳን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ የፀሐዩን ግለት ከላይ ያስቀረዋል፤ ከግድግዳው አልፎ ዝቅ ብሎ የሚወርደው ጠርዙ ደግሞ ግድግዳውን ከፀሐይም ከዝናብም ይጋርዳል። ከቤቱ ፊት ለፊት ዳስ ይቆማል፤ ከድንበሩ ማዶ ሱዳኖች ራኩባ ይሉታል። ቤተሰቡ የሚውለው፣ እንግዳ የሚቀመጠው፣ ቡና የሚፈላው፣ ሽማግሌ የሚሰየመው በዚሁ ዳስ ወይም በዛፉ ሥር ነው። ስለዚህ በቆላ «ቤት» ማለት በአራት ግድግዳ የታጠረው ክፍል ብቻ አይደለም፤ ጎጆው፣ ዳሱ፣ ግቢውና ዛፉ በአንድነት ቤት ይባላሉ። ከመተማና ከቋራ ጥንታዊ ነዋሪዎች መካከል የሆኑት ጉሙዞች ከሽመል ጋር ያላቸው ቅርበት የዚህ ዕውቀት አንዱ ዋና ምንጭ ነው።

ከዚህ ጎን በየቦታው የምናየውን የዛሬውን አሠራር እናስቀምጥ። በአንድ ሉሕ ቆርቆሮ የተከደነ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ መስኮቱ ጠባብ የሆነ አራት ማዕዘን ክፍል። ይህ ቅርጽ የደጋ ልጅ ነው። ደጋ ላይ መስኮት የሚጠበው ብርዱ እንዳይገባ ነው፤ ቆላ ላይ ሲተከል ግን ሙቀቱ እንዳይወጣ ያደርጋል። ቆርቆሮው በቀትር ፀሐይ ሲግል ግለቱን ቀጥታ ከሥሩ በተቀመጠው ሰው ላይ ይለቅቀዋል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ በሚያዝያ ቀትር ላይ ክፍልፋይ ተማሩ የሚባሉ ሕፃናት ምን ሊገባቸው እንደሚችል ማንም ሊገምተው ይችላል።

ጉዳዩ ከምቾትም ያለፈ ነው። የመተማና የሁመራ ቆላ ካላዛር የተባለው ገዳይ በሽታ ከሚገኝባቸው የአገራችን ዋና ዋና አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመረሬው ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ የምትናከሰውም ከምሽት ጀምሮ ነው። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ደጅ ከዛፍ ሥር ማደራቸው ለበሽታው ከሚያጋልጧቸው ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ወባም አለ። እንግዲህ ሌሊት የማያስተኛ ቤት ሰውን ወደ ደጅ ያስወጣል፤ ደጅ ደግሞ ትንኝና የአሸዋ ዝንብ ይጠብቁታል። ጥሩ ጣሪያ በዚህ አገር ከጤና ጣቢያ የማይተናነስ የጤና ተቋም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቆርቆሮን የመረጠው ሰው ምክንያት አለው

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ራሱ በሲሚንቶ ቤት ተኝቶ ለገበሬው የሣር ጎጆን የሚያወድስ ምሁር ግብዝ ነው። የሣር ቤት ይቃጠላል። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። ክዳኑ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ሣሩም እርሻና ግጦሽ እየተስፋፋ በሄደ ቁጥር እየራቀ ሄዷል። ቆርቆሮ ግን በአንድ ወጪ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ እሳት አያስደነግጠውም፣ የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም ያመቻል፣ በጎረቤት ዘንድም ያስከብራል። ኮኪት ላይ ቆርቆሮ የገዛ ሰው አስቦበት ነው የገዛው።

ይሁን እንጂ ሰውየው የመረጠው ጣሪያውን ነው፤ ግለቱን አልመረጠም። ግለቱ ከቆርቆሮው ጋር የመጣው ሌላ አማራጭ ያሳየው ባለመኖሩ ነው። መንግሥት በበኩሉ ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ የተሸጋገሩትን ቤቶች እየቆጠረ የልማት ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። ከቆርቆሮው ሥር ያለውን ሰው ሙቀት ግን የሚለካ የለም። በቆጠራው ቅጽ ላይ የጣሪያው ዓይነት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ጥላ የሚሞላበት ቦታ የለም።

ዛፉ ሲወድቅ

ጥላ ያለ ዛፍ፣ ሽመልም ያለ ደን አይገኝም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የመንግሥት የሠፈራ ፕሮግራም ከደጋማ ወረዳዎች ብዙ ሰው ወደ መተማና ወደ ቋራ ወረደ። ሰፋሪው መሬትና እንጀራ ፈልጎ መጣ፤ የሚያውቀውን የደጋ ቤትም ይዞ መጣ። ይህ አያስወቅሰውም። የሚያስወቅሰው ያንን ሁሉ ሕዝብ ያንቀሳቀሰ ፕሮግራም «በዚህ ሙቀት ምን ዓይነት ቤት ይሠራ? የትኛው ዛፍ ይቅር?» የሚለውን ጥያቄ ከዋና ጥያቄዎቹ አለመቁጠሩ ነው። የሰሊጡና የጥጡ እርሻም በየአቅጣጫው ደኑን ገፋው።

የዕጣን ዛፍን እንመልከት። ይህ ዛፍ ከየቤታችን የቡና ሥነ ሥርዓት እስከ ቤተ መቅደሱ ጽና ድረስ የባህላችን አካል ነው፤ ከሚበቅልባቸውም ቦታዎች አንዱ የመተማ ደረቅ ደን ነው። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በመተማ አካባቢ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይፋ በሆነው ጥናት፣ ነገሩ በዚያው ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ፣ የዛፉ ቁጥርም በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ እንደሚመናመን ተንብየው ነበር። ምክንያቱም አሮጌዎቹ ዛፎች እየሞቱ ችግኞቹ ከእሳትና ከከብት ተርፈው የሚተኩ አለመሆናቸው ነው። ያ የ15 ዓመት ቀጠሮ ዛሬ ደጃችን ደርሷል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ጦርነትና ስደት ሲታከልበት ደግሞ የማገዶና የመጠለያ እንጨት የሚፈልገው ሰው ይበዛል። ለሱዳን ስደተኞች በኩመርና በአውላላ የተተከሉት የፕላስቲክ ሸራ መጠለያዎች በዚያ ሙቀትና ዝናብ ምን ያህል ጥላ እንደሰጡ መናገር አያስፈልግም።

ዛፍ በዚህ አገር ከእንጨትነት ያለፈ ትርጉም አለው። በመንገዱ ላይ በምናልፈው በጭልጋ የቅማንት ሕዝብ ጥንታዊ አምልኮ የሚፈጸመው በተከበሩ ዛፎች ሥር ነበር። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በደን መከበቡም የታወቀ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚነግሩን መልክዓ ምድርና ባህል በዚህ አገር ተለያይተው እንደማያውቁ ነው። ዩኔስኮ የኮንሶን የእርከን ምድር እ.ኤ.አ. በ2011፣ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ተረድቶ ነው። ዛፍና ሰው አብረው የሠሩት ምድር በደቡብ ቅርስ ከሆነ በምዕራብ ጎንደር ቅርስ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ከጎንደር ግንብና ከሩቅ አገር

ለዚህ ክርክር ትልቁ ምስክር ከኮኪት ብዙም ሳይርቅ በዚያው በጎንደር ቆሟል። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ታነጹ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገባበት። ከዓመታት በኋላ በዩኔስኮ እገዛ የተሠሩ ባለሙያዎች ያንን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ ተኩት። ኖራ ይተነፍሳል፤ እርጥበቱን ያወጣል፤ ከድንጋዩ ጋርም ይስማማል። ሲሚንቶ ግን ውኃውን አፍኖ ድንጋዩን ከውስጥ ያበሰብሳል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ግንቡን ግንብ ያደረገው ቅርጹ ብቻ ሳይሆን የተሠራበት ዕውቀት ጭምር ነው። ለነገሥታቱ ግንብ ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎ ለገበሬው ጎጆ ሲሆን ዕውቀቱ የሚጣልበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ይህ ምኞት ነው፤ በቆርቆሮ ዘመን የሚሆን አይደለም» ለሚል ሰው የቡርኪና ፋሶውን ጋንዶ መጥቀስ ይበቃል። ጋንዶ እንደ ኮኪት ሙቀት የሚያቃጥላት የገጠር መንደር ናት። የዚያች መንደር ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ በርሊን ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2001 ትምህርት ቤት አሠራ። ግድግዳው በአካባቢው ሸክላ አፈር ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ታክሎበት ከተሠራ ጡብ ነው። በክፍሉ ላይ ቀዳዳ ያለው የጡብ ኮርኒስ ተሠራ፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከኮርኒሱ ላይ በብረት ማዋቀሪያ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ሞቃቱ አየር በቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሁለቱ ጣሪያዎች መካከል የሚያልፈው ነፋስም ይዞት ይሄዳል። የገነባውም የመንደሩ ሰው ራሱ ነው። ልብ በሉ፤ ኬሬ ቆርቆሮን አልጣለም፤ ከሰው ራስ ላይ አነሣው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ሕንፃን ትልቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ።

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ ግብፅ ትሰጠናለች። ታላቁ አርክቴክት ሐሰን ፋትሂ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሉክሶር አቅራቢያ አዲስ ጉርናን በጭቃ ጡብ፣ በጉልላትና በቅስት አሠራ። ሥራው ውብ ነበር። ነገር ግን በጥንታዊ መቃብሮች ላይ ይኖሩ የነበሩት የጉርና ሰዎች ወደዚያ መዛወሩን አልፈለጉትም፤ ጉልላቱም የመቃብር ቤትን ያስታውሳቸው ነበር። መንደሩ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ባህልን እናከብራለን ብለን ባለቤቱን ሳንጠይቅ የምንሠራው ሥራ፣ ባህልን ንቀን ከምንሠራው የተሻለ ዕድል እንደማይኖረው ከዚህ መማር ይቻላል።

ኮሪደሩ ቆላ ሲወርድ

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳና በሌሎች ሰፈሮች የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ጨምሮ፣ ተዛምቷል። የእግረኛ መንገድ መስፋቱን፣ የመብራት መብዛቱን የሚጠላ የለም። በዚያው ልክ ደግሞ ነባር ሰፈሮች በሳምንታት ውስጥ ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ሲበተን፣ የአንድ ከተማ መልክ በሌላው ላይ ሲታተም አይተናል። የእኔ ሥጋት የሚመነጨው ከሁለተኛው ነው። ባለ መስታወት ፊት ሕንፃ፣ ንጣፍ ድንጋይና በመስመር የተተከለ ዘንባባ በአዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይቻል ይሆናል። ያው አብነት ወደ ገንዳ ውኃና ወደ ኮኪት ቢወርድ ግን መስታወቱ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል፤ ንጣፉ ሌሊት ሁሉ ይግላል፤ ዘንባባውም ጥላ አይጥልም። ለማቀዝቀዣው የሚሆነው መብራትስ ከየት ይመጣል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥትን የባህልና የታሪክ ቅርስ ጠባቂ ያደርገዋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው የአካባቢ ፖሊሲ ሲነደፍና ሲፈጸም ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከወረዳ አዳራሽ ውስጥ ያለቀ ፕላን አንብቦ ማጨብጨብ ማማከር አይባልም።

ምን ይደረግ?

ትችት ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ነውና፣ በአነስተኛ ወጪ ሊጀመሩ ይችላሉ የምላቸውን አራት ነገሮች ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ሕንፃ ይቅደም። ለቆላ ወረዳዎች የራሱ የሆነ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ንድፍ ይዘጋጅ፤ ከፍ ያለ ድርብ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰፋፊ መስኮቶች፣ መረሬውን የሚቋቋም መሠረት፣ በወንፊት የተሸፈነ መኝታ። ገበሬው በዓይኑ አይቶ ካመነበት ቆርቆሮውን ራሱ ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ የአካባቢ ቁሳቁስ ከ«ጊዜያዊ ቤት» ስም ነፃ ይውጣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ክፍል ግቢ ከ2002 ዓ.ም. በኋላ ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በትብብር በተጠቀጠቀ አፈር የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ ናሙና ቤት አፈር የከተማ ቁሳቁስ መሆን እንደሚችል አሳይቷል። ምስጥ እንዳይበላው የታከመ ሽመልም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ዛፍ ከፕላን ይቅደም። መንገድና ቦታ ከመሸንሸኑ በፊት የቆሙት ትልልቅ ዛፎች ይመዝገቡ፤ መስመሩ እነርሱን ይዙር። የትኛው ዛፍ የት እንደሚተከልም ከጤና ባለሙያ ጋር ይመከር፤ በካላዛር አገር ጥላ ሲመረጥ ጥንቃቄ ያሻዋልና። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተውና ካላዛርን በማከም ስም ያተረፈው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙንና መሐንዲሱን በአንድ ጠረጴዛ ለማስቀመጥ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ባለቤቱ ይጠየቅ። አማራው፣ ጉሙዙ፣ ቅማንቱ፣ ነባሩም ሰፋሪውም። ከሁሉ በላይ በዚያ ጣሪያ ሥር ከማንም የበለጠ የምትውለው ሴት ትጠየቅ። ምድጃው የት እንደሚሆን፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ፣ ልጅ በየት ጥላ እንደሚያድግ የምታውቀው እርሷ ናት።

ሰላም ከመጣ ኮኪት ላይ ብዙ ይገነባል፤ እንዲመጣም የሁላችንም ጸሎት ነው። የዚያን ጊዜ ሠሪዎቹ ከአዲስ አበባ የተቀዳ ሥዕል ይዘው ቢመጡ መጀመሪያ የሚቆረጠው ዛፉ፣ መጀመሪያ የሚፈርሰው ዳሱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስለ ቅርስ ጥበቃ ዐውደ ጥናት ብናካሂድ፣ የምናካሂደው በሞቀ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ስላጣነው ጥላ ለማውራት ነው።

ቸር ያሰማን።